ጸቡ የጎረቤት፣ ጉዳዩ የመሬት

የተከበራችሁ አድማጮች፣

ስለ ነባር የከተማ ሰፈሮች መለወጥና ከለውጡ ጋር ስለሚነሣው የነዋሪዎች አለመግባባት እንድናገር ስጋበዝ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ኪራይ፣ ስለ ሕግና ስለ ግንባታ ነበር። ይሁን እንጂ በተለያዩ ከተሞች የተነሡትን ግጭቶች መለስ ብዬ ስመለከታቸው፣ አብዛኞቹ የተጫሩት እዚህ ግባ በማይባል ነገር ሆኖ አገኘኋቸው፤ በድምፅ፣ በመንገድ መዘጋት፣ በአንድ ሱቅ መስኮት። ስለዚህ እኔም ከትንሹ ነገር እጀምራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

በኒው ዮርክ ከተማ፣ ጥቁር አሜሪካውያን ለብዙ ትውልድ በኖሩበት በሃርለም፣ ማርከስ ጋርቪ ፓርክ የሚባል መናፈሻ አለ። ከ1969 ጀምሮ በሞቃቱ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ከበሮ የሚመቱ ሰዎች በዚያ ይሰበሰባሉ። ፓርኩ ወንጀል በዝቶበት ሰው በሚሸሸው ዘመን እንኳ ከበሮ መቺዎቹ ቦታውን ባለመልቀቃቸው ሰላማዊው ሰው ደፍሮ እንዲገባ አድርገዋል ብለው የሚመሰክሩላቸው ነዋሪዎች ጥቂት አይደሉም። ከዓመታት በኋላ ሰፈሩ ሲረጋጋ፣ ከፓርኩ አጠገብ ለባለ ደህና ገቢ የታሰበ አዲስ የመኖሪያ ሕንፃ ቆመ፤ ወደ ሕንፃው የገቡት ሰዎችም ለሰዓታት የማያቋርጠው ከበሮ ዕረፍት ነሣን ብለው አቤቱታ ማቅረብ ጀመሩ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ለጋዜጣ በቅቶ ነበር፤ ከበሮ መቺዎቹም በዚያው ፓርክ ውስጥ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወሩ ተደረገ።

ሁለተኛው ታሪክ የዋሽንግተን ከተማ ነው። ሾው በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ማዕዘን ላይ የሚገኝ የሞባይል ስልክ መሸጫ ከ1995 ጀምሮ በደጁ ባስቀመጠው ድምፅ ማጉያ ጎጎ የተባለውን የከተማይቱን የራሷን ሙዚቃ ያሰማ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019፣ በአቅራቢያው ከተሠራ ዘመናዊ ሕንፃ በመጣ ቅሬታ ምክንያት ሙዚቃው እንዲቆም ታዘዘ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰው በብዛት ወደ አደባባይ ወጣ፤ ማዕዘኑ ራሱ የሙዚቃ መድረክ ሆነ፤ ድምፅ ማጉያውም ወደ ቦታው ተመለሰ። በቀጣዩ ዓመት ጎጎ የከተማይቱ ይፋዊ ሙዚቃ መሆኑ በሕግ ተደነገገ።

ሁለቱ ታሪኮች ሲነገሩ አድማጩ ወዲያው ወገን ይይዛል፤ እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም። ነገር ግን ለአዲሶቹ ነዋሪዎች ፍትሐዊ እንሁን። ሳምንቱን ሠርቶ ቅዳሜ ማረፍ የሚፈልግ ሰው፣ ጨቅላ ልጁን ማስተኛት ያቃተው አባት ቅሬታው የውሸት አይደለም። ድምፅን የሚገድብ ደንብም ቀድሞ ያለና ለሁሉም የተጻፈ ነው። ነባሩን ነዋሪ የሚያንገበግበው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸው ደንብ ለዓመታት ማንም ሳያስታውሰው ኖሮ፣ አቤት ሲል የሚሰማለት ሰው ወደ ሰፈሩ በገባ ማግስት ሥራ መጀመሩ ነው። መብራቱ ጠፍቶ፣ ቆሻሻው ሳይነሣ፣ የፖሊስ መኪና ተጠርታ ሳትመጣ የኖረ ሰው፣ ለከበሮ ድምፅ ፖሊስ በደቂቃዎች ውስጥ ሲደርስ ሲያይ የሚገባው መልእክት አንድ ነው፦ ይህ ሰፈር ከእንግዲህ ደንቡን የሚያወጣለት ሌላ ሰው ነው። ክርክሩ ስለ ከበሮ መሆኑ ያበቃውም እዚያ ላይ ነው።

የተሻለ ገቢ ያላቸው ሰዎች ወደ ነባር የድሃ ሰፈር እየገቡ ሰፈሩን የሚለውጡበት ይህ ሂደት በዓለም ዙሪያ «ጄንትሪፊኬሽን» በሚባል ስም ይታወቃል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጡት፣ በበርሊን ተወልደው በለንደን ይሠሩ የነበሩት የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሩት ግላስ ናቸው። «ጄንትሪ» በእንግሊዝ አገር ከመኳንንቱ ዝቅ ብሎ ከመሬቱ በሚያገኘው ገቢ የሚኖረው መደብ መጠሪያ ስለነበር፣ በእኛ ቋንቋ «ባላባት» ብንለው ከመንፈሱ ብዙ አንርቅም። ግላስ ቃሉን የፈጠሩት በሽሙጥ ነው፤ «ሰፈሩ ባላባት ሆነ» እንደማለት። ሽሙጡ ዛሬ ጠፍቶ ቃሉ ደረቅ የሙያ ቃል ሆኖ ቀርቷል፤ ይህ በመሆኑ በበኩሌ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ሽሙጡ ውስጥ ስለ መሬትና ስለ መደብ የሚናገር እውነት ነበረበት።

ግላስ ያዩት የሚከተለውን ነበር። የለንደን የሠራተኛ ሰፈሮች አንድ በአንድ በመካከለኛው መደብ እየተያዙ ነበር። ጠባብና ያረጁ ቤቶች የኪራይ ውላቸው ሲያበቃ ተገዝተው፣ ታድሰውና ተውበው ውድ መኖሪያ ይሆናሉ። ሂደቱ በአንድ አካባቢ አንዴ ከጀመረ፣ ነባሮቹ ሠራተኞች በሙሉ ወይም በአብዛኛው ወጥተው የሰፈሩ ማኅበራዊ ጠባይ እስኪለወጥ ድረስ በፍጥነት ይገሰግሳል። በዚህ ገለጻ ውስጥ የሰዎች መውጣትና የጠባይ መለወጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው መቀመጣቸውን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሂደቱ እንዲሁ በገበያ ፈቃድ ብቻ የመጣም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1957 በእንግሊዝ የወጣው የኪራይ ሕግ ብዙ ቤቶችን ከኪራይ ቁጥጥር አወጣ፤ ነባሩ ተከራይ ሲለቅም ቤቱ ከቁጥጥር ነጻ የሚሆንበት መንገድ ተከፈተ። እንዲህ ሲሆን ለአከራዩ ከተከራዩ ይልቅ ባዶው ቤት ይበልጥ ዋጋ ያለው ሆነ። በለንደን፣ በኖቲንግ ሂል አካባቢ፣ በማስፈራራትና በማዋከብ ተከራይ እያስወጡ ያተረፉ አከራዮች የአገር መነጋገሪያ ከሆኑ በኋላ፣ በ1965 ተከራይን የሚጠብቅ ሌላ ሕግ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው፤ ያን ጊዜ የወጡት ሰዎች በአዲሱ ሕግ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ቀጥሎም ያረጁ ቤቶችን ለማደስ መንግሥት ይሰጥ የነበረው ድጎማ በ1969 ሲሰፋ፣ ኢስሊንግተን በተባለው የለንደን ክፍል ድጎማውን ተቀብሎ፣ ተከራዩን አስወጥቶ፣ ቤቱን በውድ ዋጋ መሸጥ የተለመደ ንግድ ሆነ። ለነዋሪው ተብሎ የወጣ የሕዝብ ገንዘብ ነዋሪውን ማስወጫ ሆኖ አረፈው።

በዚሁ በኢስሊንግተን፣ ባርንስበሪ በሚባል ሰፈር፣ እስከ ዛሬ ጉዳዩን ለማስረዳት የምመርጠው አንድ ታሪክ ተፈጽሟል። ወደ ሰፈሩ የገቡት የተማሩ አዲስ ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው፣ በጠባብ መንገዶቻቸው የሚያልፈው የመኪና ብዛት እንዲቀነስ ጠየቁ። ጥያቄው ለጆሮ የሚመች ነው፤ ጸጥታ፣ ዛፍ፣ ለሕፃናት አደጋ የሌለው መንገድ። ከመካከላቸው ስለ ከተማ ፕላን የሚያውቁ፣ ካርታ ማንበብና ደብዳቤ መጻፍ የሚችሉ ሰዎች ስለነበሩ እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ የጠየቁት ተፈጸመላቸው፤ መንገዶች ተዘጉ። መኪናው ግን ከምድር ላይ አልጠፋም፤ በአብዛኛው ሠራተኞች ወደሚኖሩባቸው የዳር መንገዶች ዞረ። እዚያ ያሉት ነዋሪዎችም ሌላ ማኅበር አቋቁመው ተቃወሙ። ባርንስበሪ ላይ ማንም ማንንም አልሰደበም፤ ከቤቱም በጉልበት ያስወጣው አልነበረም። የሆነው፣ ቢሮክራሲው የሚገባውን ቋንቋ የሚናገር ሰው የራሱን ጸጥታ በሌላው መስኮት ሥር ባለ ጫጫታ መግዛቱ ነው። ይህን ማድረጉንም አብዛኛው አዲስ ነዋሪ ያወቀ አይመስለኝም።

ነገሩ ከጠባይና ከመልካም ጉርብትና ያለፈ መሆኑን ካየን፣ አንድ ሰፈር ለምን በተወሰነ ጊዜ ላይ እንደሚለወጥ መጠየቅ ይኖርብናል። ሊቃውንት በዚህ ረገድ ብዙ ተከራክረዋል። የስኮትላንድ ተወላጁ የመልክዓ ምድር ምሁር ኒል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረቡት ሐሳብ «የኪራይ ክፍተት» ሊባል ይችላል። አንድ ያረጀ ሕንፃ የቆመበት መሬት ዛሬ በሚሰጠው አገልግሎት የሚያስገኘው ገቢ አለ፤ ይኸው መሬት በተሻለ አገልግሎት ላይ ቢውል ሊያስገኝ የሚችለው ሌላ ገቢ አለ። ባለንብረቱ ጥገናው ወጪውን እንደማይመልስለት ሲያምን ጣሪያው ሲያፈስ ዝም ይላል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ ያደርጋል፤ ባንክም ብድር ይነፍጋል፤ ሕንፃው በየዓመቱ ይደክማል። ከተማው በበኩሉ እያደገ ስለሚሄድ፣ መሐል ላይ ያለ መሬት ሊያስገኝ የሚችለው ገቢ ይጨምራል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ቤቱን ለመግዛት፣ ለማፍረስ ወይም ለማደስ፣ የብድሩን ወለድ ለመክፈልና ለማትረፍ የሚበቃ ሲሆን ገንዘብ ወደ ሰፈሩ ይመጣል። በስሚዝ አመለካከት ወደ ከተማው መሐል የሚመለሰው በመጀመሪያ ካፒታሉ ነው፤ ሰው የሚከተለው ኋላ ነው።

ካናዳዊው ዴቪድ ሌይና ሌሎች ግን የሰው ምርጫ እንዲህ ሊናቅ አይገባውም ብለው ተከራክረዋል፤ በቢሮ ሥራ የሚተዳደር አዲስ የተማረ ትውልድ መምጣቱን፣ ከከተማ ዳር ኑሮ ይልቅ የመሐል ከተማን ሕይወት መውደዱን፣ ያረጀ የእንጨት ደረጃና የጡብ ግድግዳ ውበት ሆኖ እንደታየው አመልክተዋል። ሁለቱ አመለካከቶች እርስ በርስ የሚጣሉ ተደርገው ብዙ ወረቀት አልቆባቸዋል። ለእኔ ግን የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው፤ ሌይ ማን እንደሚመጣ ይነግሩናል፤ ስሚዝ ለምን ወደዚህኛው ሰፈርና ለምን ዛሬ እንደሚመጣ ይነግሩናል።

በዚህ ላይ አንድ መጨመር ያለበት ነገር አለ፤ የአንዳንድ ሰፈሮች ርካሽነት ራሱ የተሠራ ነው። በአሜሪካ በ1930ዎቹ የፌዴራሉ መንግሥት ተቋም ከ200 በላይ ለሆኑ ከተሞች የብድር አደጋ ካርታ አዘጋጅቶ ነበር፤ ጥቁር ሕዝብ የሚኖርባቸው ሰፈሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም በቀይ ቀለም ተመልክተዋል። ለቤት ብድር ዋስትና ይሰጥ የነበረው ሌላው የመንግሥት ተቋምም በተመሳሳይ አስተሳሰብ ሠርቷል። በእነዚያ ሰፈሮች የሚኖር ሰው ቤት ለመግዛትም ሆነ ለመጠገን ብድር ማግኘት ለብዙ ዓመታት ከባድ ሆኖበት ኖረ። እንግዲህ አያቱ ብድር የተከለከለ ሰው፣ በዚያው መንገድ ላይ አንድ የውጭ ሰው በባንክ ብድር ቤት ገዝቶ «ይህን ሰፈር ማንም ሳያውቀው እኔ አገኘሁት» ሲል ቢሰማ፣ ቁጣው ከቅናት የመጣ ነው ማለት ነገሩን አለማወቅ ነው።

ቁጣው ግን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በተሳሳተ ሰው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2015 በምሥራቅ ለንደን፣ ከድሆቹ ሰፈሮች ጥግ በወተት የሚበላ የቁርስ እህል (ሲሪያል) ብቻ በሚሸጥ አንድ አዲስ ቡና ቤት ላይ ተቃዋሚዎች ቀለም ረጩ። ባለቤቶቹ እነሱም ተከራይ የሆኑ ትንንሽ ነጋዴዎች ነበሩ። የአካባቢውን መሬት የሚገዙት፣ የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቁት፣ ፈቃዱን የሚሰጡት አካላት መስኮት የላቸውም፤ ቀለም የሚረጭባቸው ግድግዳ የላቸውም። የመሬት ባለቤትነት በኩባንያ ስም፣ ኩባንያው በሌላ ኩባንያ ስም በሚሆንበት ዘመን፣ ለተበደለው ሰው የሚታየው ፊት የጎረቤቱ ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሰፈሮች የሚጠሩት «የውይይት መድረኮች» ብዙ ጊዜ ፍሬ የማያፈሩት ወሳኙ ባለጉዳይ አዳራሹ ውስጥ ስለሌለ ነው። ተከራይና ተከራይ ተቀምጠው ይወቃቀሳሉ፤ ስብሰባው ያበቃል፤ ኪራዩ ይጨምራል።

«ነባር ነዋሪ» የምንለውም አንድ አካል አይደለም። ይህ ነገር በንግግርም በጽሑፍም ሲዘለል እታዘባለሁ። በአንድ መንገድ ላይ ለ30 ዓመት የኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንዱ ባለቤት አንዱ ተከራይ ከሆኑ፣ የመሬት ዋጋ ሲጨምር ዕጣቸው ለየቅል ይሆናል። ባለቤቱ ለልጆቹ የማያወርሰው ይመስለው የነበረ ሀብት በእጁ ገብቷል፤ ሰፈሩ ተሻሽሎ ወንጀል ቢቀንስለት ደስ ይለዋል፤ «ለውጡን አቁሙ» በሚለው ሰልፍ ላይ ላይወጣ ይችላል። ተከራዩ ከዚያው ዋጋ የሚደርሰው የማስለቀቂያ ደብዳቤ ነው። ባለቤት መሆንም ሁልጊዜ መከታ አይሆንም፤ የንብረት ግብር በገበያ ዋጋ በሚተመንበት አገር ጡረተኛው ባለቤት ቤቱ «ሀብታም» ስላደረገው ብቻ ግብሩን መክፈል ያቅተዋል። ፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ2014 በአንድ ቤት 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ለኖሩ፣ የገቢ መስፈርቱን ለሚያሟሉና ግምታቸው በድንገት ለናረባቸው ባለቤቶች የግብር እፎይታ መስጠት የጀመረችው ለዚህ ነው። ሱቅ የተከራየው ነጋዴ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ይጋለጣል፤ የመኖሪያ ኪራይ ጥበቃ ባለባቸው ብዙ ከተሞች እንኳ የንግድ ቤት ኪራይ ጥበቃ የለውም። በኒው ዮርክ የንግድ ቤት ኪራይ ቁጥጥር ከ1963 ወዲህ የለም። በመሆኑም ሰዎቹ ሳይወጡ መጀመሪያ የሚወጡት ፀጉር አስተካካዩ፣ ጫማ ሰፊውና የሰፈሩ ሰው በዱቤ የሚገዛበት ሱቅ ናቸው።

አሁን ቅድም በይደር ወዳቆየሁት ነገር፣ ማለትም በሰዎች መውጣትና በሰፈሩ ጠባይ መለወጥ መካከል ወዳለው ልዩነት ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2004 ላንስ ፍሪማንና ፍራንክ ብራኮኒ የተባሉ አጥኚዎች በኒው ዮርክ ላይ ያወጡት ጥናት ብዙዎችን አስደንግጧል፤ በሚለወጡት ሰፈሮች የሚኖሩ ድሃ ቤተሰቦች በሌሎች ሰፈሮች ከሚኖሩት ይልቅ ቤት የመቀየር ዕድላቸው ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። አልሚዎች ይህን ውጤት እንደ ነጻ መውጫ ወረቀት ተቀበሉት። ጥናቱ ዋሽቷል አልልም። ከሁለት ዓመት በኋላ ካቲ ኒውማንና ኤልቪን ዋይሊ እንዳሳዩት ግን፣ የቆዩት ሰዎች በብዛት የቆዩት የኪራይ ቁጥጥርና የሕዝብ ቤቶች፣ ማለትም መንግሥት በርካሽ የሚያከራያቸው ቤቶች፣ ስላሉ፣ ወይም በአንድ ክፍል ተጨናንቀው መኖርን ስለመረጡ ነበር። ከዚህም አስቀድሞ ፒተር ማርኩዝ እ.ኤ.አ. በ1985 መፈናቀል በብዙ መልኩ እንደሚከሰት አስረድተዋል፤ በቀጥታ የሚባረር አለ፤ ቀድሞ ሊገባበት ይችል የነበረው ቤት የተዘጋበት፣ ስለዚህም ሳይገባ የቀረ አለ፤ ዘመድ ጎረቤቱ ሲሄድ፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ ነገ የእኔ ተራ ነው ብሎ ራሱ የሚወጣም አለ። የሁለተኛው ዓይነት ሰው በየትኛውም ቆጠራ ላይ አይታይም፤ ያልገባን ሰው ማን ይቆጥራል? የሰፈሩ ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ በተወለደበት መንገድ ቤት መከራየት ሲያቅተው የወረቀቱ መዝገብ «ተፈናቃይ» አይለውም።

ፍሪማን ራሳቸው በኋላ በሃርለምና በሌላው የኒው ዮርክ ሰፈር በክሊንተን ሂል ያነጋገሯቸው ነዋሪዎች የሰጡት መልስ ከቁጥሩ ይበልጥ ያስተምረኛል። ሰዎቹ የተሻለ ሱቅና የጸዳ መንገድ በመምጣቱ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ዳሩ ግን ይህ ሁሉ የመጣው ለእኛ ተብሎ አይደለም የሚል ጥርጣሬ አደረባቸው። ሲለምኑት የነበረውን ነገር ሌላ ሰው ሲመጣ ያገኘ ሰው ምስጋናው መራራ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን፤ ይህ አባባል ግን ጎረቤቱ ነገም እዚያው እንደሚኖር አስቀድሞ ይገምታል። ልጅህን ትተህለት የምትሄደው፣ ቁልፍህን የምታስቀምጥበት፣ ሲታመም የምታስታምመው ጎረቤት በአንድ ቀን አይገኝም። በቤቱ የቀረው አዛውንት ኪራዩ በሕግ ተጠብቆለት፣ ደጁ ላይ ሲቀመጥ ግን የሚያውቀው ሰው የማያልፍ ከሆነ፣ ግማሽ ሰፈሩ ከሥሩ ተነቅሎ ሄዷል። ይህን ጉዳት በገንዘብ ለመተመን የሚሞክር ሰው ሲያጋጥመኝ ትዕግሥቴ ያልቅብኛል።

ወደ መፍትሔው ስንመጣ አንዳንዱን በአጭሩ አልፈዋለሁ። የድምፅ ክርክርን በተመለከተ በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ከ2014፣ እንግሊዝም ከ2018 ጀምሮ በፕላን ደንባቸው ያስገቡት ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ቀድሞ ከነበረ የሙዚቃ ቤት አጠገብ አዲስ መኖሪያ የሚሠራ ሰው ድምፁን የሚከላከልበትን ወጪ ራሱ ይሸከማል። ቀላል ነው፤ ቀድሞ ለነበረው ነገር ክብር ይሰጣል።

ኪራዩ ግን እንዲህ አይቀልም። በርሊን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ኪራይን ባለበት የሚያቆም ሕግ አወጣች፤ በኤፕሪል 2021 የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሥልጣኑ የፌዴራሉ መንግሥት ነው ብሎ ሕጉን ሻረው፤ ተከራዮችም በመሐል የቀነሰላቸውን ኪራይ እንዲመልሱ የሚጠየቁበት ሁኔታ ተፈጠረ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከግማሽ በላይ የሆነው ድምፅ ሰጪ የትልልቅ አከራይ ኩባንያዎች ቤቶች ወደ ሕዝብ ይዞታ እንዲዛወሩ ደገፈ። ከተማይቱ ነባር ነዋሪ እንዳይፈናቀል በተከለለ የጥበቃ ክልል ውስጥ የሚሸጥ ሕንፃን ቅድሚያ የመግዛት መብቷም በዚያው ዓመት በኖቬምበር በሌላ ፍርድ ቤት ውሳኔ በእጅጉ ጠበበ። በአንዲት ከተማ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ይህ ሁሉ ሆነ። ከቪየና ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ቪየና በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከ60,000 በላይ ቤቶችን በራሷ ሠርታ፣ ዛሬም 220,000 ያህል ቤቶች በይዞታዋ አሉ፤ ከነዋሪዋ ግማሽ ያህሉ በከተማው ወይም በድጎማ በተሠሩ ቤቶች ይኖራል። የመሬት ዋጋ በቪየናም ይጨምራል፤ ነገር ግን ጭማሪው የሚያሸብረው ሰው ቁጥር ያነሰ ነው። ልዩነቱ አንዷ ከተማ መሬቱን ከገበያው በፊት መያዟ፣ ሌላዋ ዋጋው ከናረ በኋላ በሕግ ልታሥረው መሞከሯ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ለእኔ ዋናው ነገር ነው፤ በሁለት የማሻሻያ ሥራዎች ላሳያችሁ። በኒው ዮርክ ከአገልግሎት ውጪ የሆነ ከፍ ያለ የባቡር ሐዲድ ተለውጦ «ሃይ ላይን» የተባለ መናፈሻ እ.ኤ.አ. በ2009 ተከፈተ። የዓለም ጎብኚ የሚጎርፍበት፣ በእርግጥም የሚያምር ሥራ ነው። በዙሪያው ያለው የመሬት ዋጋ ናረ፤ ባለብዙ ሚሊዮን ዶላር ሕንፃዎች ግራና ቀኙን ሞሉት። ከመናፈሻው አጠገብ በሚገኙት የሕዝብ ቤቶች የሚኖሩት ሰዎች ግን ወደ ላይ ብዙም አይወጡም ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ሮበርት ሃሞንድ በ2017 ይህን በግልጽ አምነዋል፤ ንድፉ ምን ይምሰል ብለን ከመጠየቅ ይልቅ ለእናንተ ምን እናድርግ ብለን መጠየቅ ነበረብን የሚል ነበር የንግግራቸው ፍሬ ነገር። እንዲህ ያለ እምነት በአደባባይ ሲነገር እምብዛም አይሰማምና አከብራቸዋለሁ።

በፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ በሳን ኹዋን ደግሞ፣ ማርቲን ፔኛ በሚባል በቆሻሻና በደለል በተደፈነ ቦይ ዳር የሚኖሩ ድሃ ሰፈሮች አሉ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የፍሳሹ ውሃ ቤታቸው ይገባል። መንግሥት ቦዩን ለመጥረግ ሲያስብ፣ ነዋሪዎቹ ደስ ከመሰኘታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ ቦዩ ተጠርጎ፣ ከንግዱ ማዕከል አጠገብ ያለው ይህ መሬት ውብ የውሃ ዳርቻ ሲሆን፣ እኛን እዚህ ማን ያኖረናል? አብዛኛው የመሬት የባለቤትነት ወረቀት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 ከ700 በላይ ስብሰባዎችና የጋራ ሥራዎች ተካሂደው፣ በ2004 በወጣ ሕግ የማኅበረሰብ የመሬት ባለአደራ እንዲቋቋም ተደረገ። አሠራሩ ለመግለጽ አይከብድም፤ መሬቱ በጋራ በባለአደራው ስም ይሆናል፤ አይሸጥም፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ቤቱ የራሱ ነው፤ በመሬቱ የመጠቀም መብቱም በሰነድ የተጻፈና ለልጅ የሚተላለፍ ነው። ሐሳቡ የመነጨው እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ጆርጂያ፣ ለዜጎች መብት ይታገሉ በነበሩ ጥቁር ገበሬዎችና አጋሮቻቸው ዘንድ ሲሆን፣ በ1984 የአሜሪካዋ በርሊንግተን ከተማ፣ ቀጥሎም በቦስተን የደድሊ መንገድ ነዋሪዎች ለከተማ ተጠቅመውበታል።

ይህን የምናገረው ባለአደራ ሁሉን ይፈታል ለማለት አይደለም። በ2009 የፖርቶ ሪኮ ምክር ቤት መሬቱን ከባለአደራው ነጥቆ ወስዶታል፤ ነዋሪዎቹ በፍርድ ቤትም በአደባባይም ተሟግተው ያስመለሱት በ2013 ነው። በሕግ የተሰጠ በሕግ ሊወሰድ ይችላል። ባለአደራው ሽያጩን ስለሚገድብ፣ ቤቱን በገበያ ዋጋ ሸጦ ሌላ ቦታ ኑሮ መጀመር ለሚፈልግ ሰው እንቅፋት መሆኑም አይካድም፤ ይህን ቅሬታ የሚያነሣ ድሃ ባለቤት ሲያጋጥመኝ የምመልስለት ቀላል መልስ የለኝም። ለሀብታሙ የተፈቀደ ትርፍ ለእኔ ሲደርስ ለምን ኃጢአት ሆነ ሲል ጥያቄው የእውነት ነው።

ይሁንና ሳን ኹዋን ላይ የተደረገውን ከሃይ ላይን ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጠው የሚታየኝ ልዩነት በጥያቄዎቹ ተራ ላይ ነው። በአንዱ ቦታ ውበቱ መጣና የማን ነው የሚለው ጥያቄ ተከተለው፤ በሌላው የማን ነው የሚለው ተወስኖ ውበቱ ይጠበቃል። በባርንስበሪም መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት የዳር መንገዶቹ ሰዎች ቢጠየቁ፣ በሃርለምም ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ምን ይደረጋል ብሎ የጠየቀ ቢኖር፣ ጎረቤቶቹ የሚጣሉበት ነገር አይጠፋም ነበር፤ ሰው ነንና ስለ ጫጫታ እንጣላለን። ያን ጊዜ ግን ጸቡ የእኩዮች ጸብ ይሆን ነበር፤ ከበሮ መቺውም ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ ሲጠየቅ፣ ቀጥሎ ቤቱን እንዲለቅ የሚጠየቅ አይመስለውም ነበር።

አመሰግናለሁ። ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።